ታብሌቱ ስም የለውም፤ እና ምን ይሁን?

መቐለ ውስጥ ታብሌት ልትገዙ ብትወጡ ከሮማናት አደባባይ እስከ ቀበሌ 16 ድረስ የምትሰሙት ጥያቄ አንድ ነው፦ «ብራንዱ ምንድነው?» ጓደኛ ይጠይቃል፣ ጎረቤት ይጠይቃል፣ ቡና ልታጠጣን የጠራችን አክስታችን ሳትቀር ትጠይቃለች። ባትሪው ስንት ሰዓት ይቆያል ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሚሞሪ ካርድ ይቀበላል ወይ የሚልም የለም። ስሙን ብቻ! ስሙን ስትነግሯቸው ፊታቸው ላይ የምታዩት ነገር ደግሞ ልጃችሁን ላልታወቀ ሰው የዳራችሁ ያስመስላችኋል።

እኛ ይሄ ነገር ሰልችቶናል። ስለዚህ ዛሬ ከሁለት ወገኖች ጋር እንሟገታለን። አንደኛው «ሳምሰንግ ወይም አይፓድ ካልሆነ በእጄ አልነካም» የሚለው ነው። ሁለተኛው «ቅናሽ ከተባለ ዓይኔን ጨፍኜ» የሚለው ነው። ሁለቱም አያስቡም፤ ግን እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያው ይብስብናል። ሁለተኛው ቢያንስ ኪሱ አስገድዶት ነው። የመጀመሪያው ግን ኪሱ ባዶ ሆኖም እንኳ በተበደረው ብር ስም ይገዛል።

መጀመሪያ ግን ነገሩ ለምን እንደሚያንገበግበን እንንገራችሁ። እዚህ ከተማ ታብሌት የፊልም ማያ ብቻ አይደለም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት የተዘጋው ትምህርት ቤት ጦርነቱ መጥቶበት ተዘግቶ ቆየ፤ አብዛኛው በሩን የከፈተው በ2015 ነው። ለዓመታት የጠበቁት የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ለፈተና የተቀመጡት በ2016 መጀመሪያ ነው። በየቤታችን ያመለጠውን ትምህርት በሩጫ የሚያካክስ እህት ወይም ወንድም አለ። መጽሐፉ በወረቀት አልተዳረሰም፤ በፒዲኤፍ ግን አለ። ፒዲኤፉን በአምስት ኢንች ስልክ ማንበብ ዓይን ያጠፋል፣ ላፕቶፕ ደግሞ የማይታሰብ ሆኗል። እንግዲህ መሀል ላይ ያለው ዕቃ ታብሌት ነው። ታብሌቱ ተወደደ ማለት ለአንዷ ተማሪ መጽሐፉ ተወደደ ማለት ነው።

ዋጋውስ? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ ከዚያ በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ወር ሳይሞላ 100 ብርን አለፈ። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ አብሮ ወጣ። በዚህ ላይ ዕቃው አዲስ አበባ ገብቶ፣ ወደ 780 ኪሎ ሜትር ተጭኖ ነው እኛ ጋ የሚደርሰው። በእንዲህ ያለ ገበያ ላይ «ስም ካልሆነ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። አንዱ ታብሌት 30 ሺህ ብር፣ ሌላው ያው ስክሪን፣ ያው ሚሞሪ ያለው 14 ሺህ ብር ነው እንበል። 16 ሺህ ብር የከፈላችሁት ለምንድነው? የተወሰነው ለጥራት ነው፤ አንክድም። የተወሰነው ደግሞ ሲዮል፣ ለንደንና ዱባይ ላይ ለተሰቀለ ቢልቦርድ ነው። የዱባይን ቢልቦርድ የመቐለ ተማሪ የምትከፍልበት ምን ዕዳ አለባት?

«ሰው ያልወደደው ዕቃ ምን ቢኖርበት ነው» ይሉናል። ይሄ ክርክር ጥሩ ይመስላል፤ ነገር ግን የታብሌትን ታሪክ የሚያውቅ ሰው አይለውም። እስቲ ወደ ኋላ እንሂድ።

ኤችፒ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2011 ተችፓድ የሚባል ታብሌት አወጣ። ዋጋው ከ500 ዶላር ጀምሮ ነበር። አልተሸጠም። ኩባንያው 49 ቀን ብቻ ታግሦ «ትቼዋለሁ» አለ፤ የቀረውን በ99 ዶላር ዘረገፈው። ትናንት ዞር ብሎ ያላየው ሕዝብ በማግስቱ ሱቅ ደጃፍ ተሰለፈ፣ ዕቃው አለቀ። ልብ በሉ፤ በእነዚያ ጥቂት ሳምንታት ውስጥ የታብሌቱ ስክሪን አልተቀየረም፣ ባትሪው አልተቀየረም። የተቀየረው ዋጋው ብቻ ነው። ሰው ያልወደደው ዕቃውን ሳይሆን 500 ዶላሩን ነበር ማለት ነው።

የብላክቤሪው ፕሌይቡክም እንዲሁ። በዚያው ዓመት በሚያዝያ በ500 ዶላር ወጣ፤ በኅዳር 200 ዶላር ወረደ፤ ኩባንያው በመጋዘን በተከመረው ዕቃ ምክንያት የ485 ሚሊዮን ዶላር ኪሳራ መዘገበ። (ይሄኛው እንኳ ሕዝቡ እውነት ነበረው፤ የኢሜል ኩባንያ የሠራው ታብሌት ሲወጣ የራሱ የኢሜል ፕሮግራም አልነበረውም! ኢሜል ለማየት ከብላክቤሪ ስልክ ጋር ማገናኘት ነበረባችሁ።) ማይክሮሶፍትም በ2013 ባልተሸጡት ሰርፌስ አርቲ ታብሌቶቹ ሳቢያ 900 ሚሊዮን ዶላር ከሒሳቡ ሰረዘ። እንግዲህ ስም ካነሳችሁ ከእነዚህ ከሦስቱ የበለጠ ስም የት አለ? ስም ያላቸውም ይወድቃሉ። ስም ዋስትና ሆኖ አያውቅም።

አሁን ወደ ሀገራችን እንምጣ፤ ምክንያቱም የዚህ ጉዳይ ምርጡ ምስክር ያለው እኛው ጋ ነው። ሞቶሮላ ዙም የሚባል ታብሌት ነበር። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2011 አሜሪካ ውስጥ 800 ዶላር ገደማ ተለጥፎበት ወጣ፤ ከአይፓድ ጋር እወዳደራለሁ አለ፤ ተሸነፈ፤ ተረሳ። በ2012 ታዲያ «ላፕቶፕ ለእያንዳንዱ ልጅ» የሚል ዓላማ ይዞ የተነሳው የአሜሪካ ድርጅት ይሄንኑ ያልተወደደ ታብሌት ይዞ ወደ ኢትዮጵያ መጣ። ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት መንደሮች፣ በእያንዳንዱ 20 ገደማ ለሚሆኑ ልጆች፣ ከነካርቶኑ እንደታሸገ ሰጣቸው። ልጆቹ የትምህርት ቤት ደጃፍ አይተው አያውቁም። አስተማሪ የለም፣ መመሪያ የለም። መብራት ስለሌለ በፀሐይ ኃይል ቻርጅ የሚደረግበት ተተከለላቸው። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በዚያው ዓመት እንደተናገረው ልጆቹ በደቂቃዎች ውስጥ ካርቶኑን ከፍተው ማብሪያውን አገኙ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ የእንግሊዝኛ ፊደል እየዘመሩ ነበር፤ በአምስት ወር ደግሞ የተዘጋባቸውን ካሜራ በራሳቸው ከፈቱት።

የኔግሮፖንቴን አፍ ሙሉ በሙሉ አንቀበልም። ሰውየው የሚሸጠው ሐሳብ ነበረው፤ ፊደል መዘመርና ማንበብም አንድ አይደሉም። ግን አንድ ነገር ተረጋግጧል፦ ከእነዚያ ልጆች አንዱም «ብራንዱ ምንድነው?» አላለም። ሌላም አለ። ፕሮግራሞቹና መጻሕፍቱ ቀድመው ተጭነው ነበር የመጡት፤ በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ ሰው እየሄደ ሚሞሪ ካርዱን ይቀይር ነበር። ኢንተርኔት አልነበረም። የወደቀው ታብሌት መንደር ውስጥ የሠራው ሁሉ ነገር ውስጡ ስለነበረ ነው።

ይሄ ነጥብ ለመቐለ ሰው ትርጉም አለው ብለን እናስባለን። ከጥቅምት 2013 መጨረሻ አንስቶ እስከ 2015 ድረስ ኢንተርኔት እንዳልነበረን ማስታወስ አያስፈልጋችሁም። ያኔ ሁሉ ነገሩ «ደመና ላይ» የነበረ ዘመናዊ መሣሪያ ምን ሆነ? የግድግዳ ሰዓት ሆነ። ማን ነበር የተከበረው? ሃርድ ዲስክ ያለው ሰው። ሚሞሪ ካርድ ውስጥ መጽሐፍ ያጨቀ ሰው። ስለዚህ ከታብሌት የምንፈልገው ተራ ነገር ነው፦ ሚሞሪ ካርድ ይቀበል፣ ኔትወርክ ሲጠፋም ይሥራ። በነገራችን ላይ ሁሉም የሚመኘው አይፓድ የሚሞሪ ካርድ ቀዳዳ የለውም፤ ከተወለደበት ከ2010 ጀምሮ ኖሮትም አያውቅም። ብዙዎቹ «ስም የለሾች» ግን አላቸው። ኪዊክስ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጭናችሁ ዊኪፔዲያን ካርድ ላይ ማውረድ ትችላላችሁ፤ ከዚያ በኋላ ኔትወርኩ ቢሄድ ቢመጣ ግድ የላችሁም።

እሺ፣ ወደ ሁለተኛው ወገን እንዙር፤ ቅናሽ ካየ ዓይኑን ወደሚጨፍነው።

ቅናሽ ሁሉ አንድ አይደለም። ስላልተወደደ የረከሰ አለ፤ ስለሞተ የረከሰ አለ። ያ ተችፓድ እንኳ በ99 ዶላር የተሸጠው ወላጁ ትቶት ነው፤ ኤችፒ የፕሮግራም መደብሩንና የአካውንት አገልግሎቱን በጥር 2015 ዘጋው። ከዚያ በኋላ የቆየው ሙያ ያላቸው ወጣቶች በየቤታቸው አንድሮይድን ስለጫኑበት ነው። እኛ ጋ ያን የሚሠራላችሁ ጎበዝ ካለ ደስ ይለናል፤ ከሌለ ግን የሞተ ዕቃ በስንትም ቢሸጥ ውድ ነው።

ስለዚህ ሱቅ ስትገቡ መጠየቅ ያለባችሁ የአንድሮይዱን ቁጥር ነው። ለምን? የጎግል ክሮም አዲሱ እትም ከ2025 አጋማሽ ጀምሮ ከአንድሮይድ 10 በታች አይሠራም። አንድሮይድ 8 ወይም 9 የጫነ «አዲስ» ታብሌት በግማሽ ዋጋ ቢሰጧችሁ የሰጧችሁ ዛሬውኑ ያረጀ ነገር ነው። የአንድሮይድ ቁጥሩን ደግሞ ካርቶኑ ላይ አትመኑ፤ ሴቲንግ ውስጥም ቢሆን እያጭበረበሩ የሚጽፉ አሉ።

የምር! በቅርቡ ከእኛ ሁለታችን አንድ ሱቅ ገብተን ነበር፤ ስሙን አንጠራም። ባለሱቁ መጀመሪያ «ለእናንተ ለሴቶች ሮዙ አለ» ብሎ ጀመረን። (ሮዝ ራም ስንት ነው ወንድሜ?) ከዚያ ካርቶኑን አሳየን፦ 16 ጊጋ ራም፣ 512 ጊጋ ሚሞሪ፣ ባለ አስር ኮር። ዋጋው ከአንድ ደህና ስልክ ያነሰ! እንዲህ ያለ ነገር በዚያ ዋጋ በዓለም ላይ አይሠራም፤ ቻይና ውስጥ ፋብሪካው በር ላይም አይገኝም። አንድ ፊልም ገልብጠን እንሞክረው ስንለው ፊቱ ተለወጠ። በአንዳንዱ ታብሌት ላይ የሚጻፈው ራም ከሚሞሪው ላይ ተበድሮ የተጨመረ ነው፤ «4 ሲደመር 4» ብለው «8» ይሉታል። ይሄ እንኳ ግማሽ ውሸት ነው። የባሰው የስልኩን ማንነት እስከ ሴቲንጉ ድረስ ቀይሮ የሚያወጣው ነው።

ከዚህም የከፋ አለ። እ.ኤ.አ. በ2023 የደኅንነት ተመራማሪዎች ባድቦክስ ያሉትን ነገር ይፋ አደረጉ፦ ርካሽና ስማቸው የማይታወቅ የአንድሮይድ መሣሪያዎች ገና ካርቶናቸው ሳይከፈት ቫይረስ ተጭኖባቸው ይሸጡ ነበር። በመጋቢት 2025 ሁለተኛው ዙር ሲደረስበት ከአንድ ሚሊዮን በላይ መሣሪያ ተበክሎ ተገኘ፤ አብዛኛው የቴሌቪዥን ሳጥን ሲሆን ታብሌቶችም ነበሩበት። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ የአሜሪካው ኤፍቢአይ ሕዝቡን አስጠነቀቀ። እንዲህ ያለ መሣሪያ ላይ ቴሌብር ወይም የባንክ አፕ ከፍታችሁ የይለፍ ቁጥራችሁን ስትጽፉ ከጀርባችሁ ማን እንደቆመ አታውቁም። በሁለተኛው ዙር የተያዙት መሣሪያዎች በጎግል ያልተረጋገጡ ነበሩ። ማወቂያውም ቀላል ነው፦ ፕሌይ ስቶር ግቡ፣ ሴቲንጉን ክፈቱ፣ «አባውት» በሚለው ሥር መሣሪያው የተረጋገጠ መሆኑንና አለመሆኑን ይነግራችኋል። ሻጩ ይህን ለማየት ሁለት ደቂቃ ካልሰጣችሁ ወጥታችሁ ሂዱ።

«ታዲያ በዞረ መልኩ ስም ግዙ እያላችሁን አይደለም ወይ?» የሚል ይኖራል። አይደለም! ያልታወቀና ያልተወደደ ይለያያሉ። ሌኖቮ መቐለ ውስጥ ማንም በታብሌቱ አይኮራበትም፤ ኩባንያው ግን የት እንዳለ ይታወቃል። ቴክኖ ታብሌት ይሠራል፤ ስልኩን ሁላችን ይዘን ታብሌቱን ስናይ ግን እንስቃለን። ለምን እንደምንስቅ የሚያስረዳን ሰው እስካሁን አላገኘንም። የምንሟገትለት ለእነዚህ ነው፦ ባለቤታቸው ለሚታወቅ፣ ነገር ግን ሠርግ ላይ አውጥተን ፎቶ ለማንነሳባቸው።

ከውጭ ዘመድ የሚልከው ደግሞ የራሱ ጉድ አለው። ትግራይ ውስጥ ዲያስፖራ የሌለው ቤት ጥቂት ነው፤ በየኅዳሩ አሜሪካ ቅናሽ ሲሆን አማዞን ፋየር ይገዛና በሰው እጅ ይመጣል። አማዞን ይሄን ታብሌት የሚያረክሰው ስለሚወደን አይደለም። ጄፍ ቤዞስ ራሱ በ2012 እንደተናገረው መሣሪያውን የሚሸጡት በወጪው ልክ ነው፤ የሚያተርፉት ሰው በመሣሪያው ተጠቅሞ መጽሐፍና ፊልም ሲገዛ ነው። ርካሹ ዓይነት ደግሞ ስታበሩት መጀመሪያ ማስታወቂያ ያሳያችኋል። ማለትም የመጣላችሁ ታብሌት ከመሆኑ በፊት የሱቅ በር ነው፤ ሱቁ ደግሞ እዚህ አይደርስም። የጎግል ፕሌይ ስቶርም የለውም። ግን ገልብጣችሁ እዩት እስቲ፦ አማዞን ወደፊት ከሚገዛ ደንበኛ አገኘዋለሁ ብሎ የተወውን ትርፍ እኛ ምንም ሳንገዛ ወሰድነው! ፒዲኤፍ ያነባል፣ ቪዲዮ ያጫውታል፣ ሚሞሪ ካርድ ይቀበላል። ለተማሪ የተላከ ከሆነ እሰይ። የባንክ አፕና ቴሌግራም ከመደብሩ አወርዳለሁ ብላችሁ ከሆነ ግን ዘመዳችሁን ሌላ እንዲልክ ንገሩት።

ሁዋዌም ላይ ተመሳሳይ ነገር አለ። ከግንቦት 2019ኙ የአሜሪካ ማዕቀብ በኋላ የወጡት አዳዲስ ታብሌቶቹ የጎግል አገልግሎት ሳይኖራቸው ነው የመጡት። ዕቃው ግን ጠንካራ ነው፤ ስክሪኑ ከብዙ ባለስሞች ይበልጣል። ዋጋው የወረደው በዋሽንግተንና በቤጂንግ ጠብ ከሆነ እኛ ምን ጠብ አለን? የምትፈልጉት አፕ በራሱ መደብር መኖሩን ሱቁ ውስጥ ቆማችሁ ፈልጉ። ካለ ግዙ።

አሁን የሚከብደው ተቃውሞ ቀረ፤ እሱንም እናከብረዋለን። ስክሪን። ያልተወደደ ታብሌት ስክሪኑ ቢሰበር መቐለ ውስጥ አታገኙለትም። የሞባይል ጠጋኞቻችን መሳቢያ ውስጥ ያለው የሳምሰንግና የቴክኖ ስልክ ስክሪን ነው። አዲስ አበባ መርካቶም ላታገኙ ትችላላችሁ። ሲያረጅም መልሶ መሸጥ አይታሰብም፤ ሳምሰንግ ግን ገዢ አያጣም። ይሄ እውነት ነው፣ አንሸፋፍነውም። ነገር ግን ሒሳቡን እስከ መጨረሻው አስሉት። የታዋቂውም ታብሌት ስክሪን በነፃ አይቀየርም፤ ብዙ ጊዜ ጠጋኙ ዋጋውን ሲነግራችሁ ታብሌቱን መልሳችሁ ቦርሳ ውስጥ ትከታላችሁ። ከላይ ባልነው ምሳሌ ባተረፋችሁት 16 ሺህ ብር ደግሞ ሌላ ሙሉ ታብሌት ገዝታችሁ 2 ሺህ ብር ይተርፋችኋል። በቀረችው ወፍራም የጎማ ሽፋን ግዙላት፤ ለተማሪ የሚሰጥ ታብሌት ያለ ሽፋን ከቤት መውጣት የለበትም። ለሽያጭ ብሎ የሚገዛ ሰው ግን፣ ማለትም በዓመቱ ሊለውጠው ያሰበ፣ እውነቱን ነው፤ ስም ይግዛ። እሱ የሚገዛው ቁጠባ ነው እንጂ መሣሪያ አይደለም።

መንግሥትም ቢሆን ከዚህ በሽታ አልዳነም። ለአራተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ተብሎ ከመቶ ሺህ በላይ ታብሌት ተገዛ፤ ቆጠራው እየተራዘመ ሄደና በ2011 እንደገና ተላለፈ። ትምህርት ሚኒስቴር የ2012ን የ12ኛ ክፍል ፈተና በታብሌት እሰጣለሁ አለ፤ ታብሌቱ በጊዜው አልደረሰምና በ2013 በወረቀት ሰጠው። መጀመሪያ ዕቃው፣ ከዚያ ሥራው! እኛም ቤት ውስጥ የምናደርገው እሱኑ ነው፤ ታብሌቱ ይገዛል፣ ምን እንደሚነበብበት ግን ማንም አላሰበም።

ለባለሱቆቻችን አንድ ጥያቄ አለን። ዋጋውን የምትለጥፉበት ወረቀት ላይ ሦስት ነገር ጨምሩልን፦ የአንድሮይዱን ቁጥር፣ እውነተኛውን ራም፣ በጎግል የተረጋገጠ መሆን አለመሆኑን። አንድ መስመር ነው፤ ቀለም አያስጨርስም። ዋስትና የምትሉትንም በቃል ሳይሆን ከነቀኑ ደረሰኝ ላይ ጻፉት። ይህን የሚያደርግ ሱቅ ካለ ጠቁሙን፤ ጓደኞቻችንን ሁሉ ይዘን እንመጣለን። ሮዙንም ቢሆን እንገዛለን።